ተርቦ መኪና፣ ጠባብ ኪስ፣ ረጅም ዳገት

ሰሞኑን የደረሱን ጥያቄዎች በብዛት ስለ ጉልበት ናቸው። መኪናዬ ዳገት ላይ ደከመብኝ፣ ምን ልጨምርበት? ቺፕ (የሞተሩን ኮምፒውተር አሠራር የሚቀይረው) ይሻላል ወይስ ትልቅ ተርቦ (አየር አጭቆ ወደ ሞተሩ የሚነፋው)? ብሩ ግን ትንሽ ነው። ከባሕር ዳርና ከጣና ዙሪያ የመጡትን ለዚህ እትም ለይተን አውጥተናቸዋል። ከፍታው፣ አቧራውና ነዳጁ ለሁሉም አንድ ስለሆነ ለአንዱ የተሰጠው መልስ ለሌላውም ይሠራል። ስትጽፉልን ግን እባካችሁ የሞተሩን ኮድ አስገቡ። "ነጭ ቶዮታ ናት፣ ምን ላድርጋት?" የሚል ሰው አለ። ነጭነቷ ለኛ ምንም አይነግረንም።

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ። የምኖረው አባይ ማዶ ነው። 2008 ሞዴል ሃይሉክስ አለኝ፣ 2.5 ዲ-ፎር-ዲ ናፍጣ፣ ሞተሩ 2ኬዲ፣ ተርቦ አለው ኢንተርኩለር (ከተርቦው የሚወጣውን አየር የሚያቀዘቅዘው) የለውም። ወደ ጎንደርና ደብረ ታቦር ዕቃ አመላልስበታለሁ። ሜዳ ላይ ምንም አይልም። ከወረታ ወደ ደብረ ታቦር ስወጣ ግን ጭነት ካለ እስከ ሁለተኛ ማርሽ ያስወርደኛል፣ ጥቁር ጭስም ይለቃል። ጓደኞቼ ሦስት ነገር ይሉኛል። አንዱ ማርሚታውን (የጭስ ማውጫውን ድምፅ ማፈኛ) ቆርጠህ ጣለው ይላል፣ ሌላው ከሶማሌ ተራ ትልቅ ተርቦ ፈልግ ይላል፣ ሦስተኛው ቺፕ አስገባ ነው የሚለው። ጎማውን በትልቅ ቀይሬዋለሁ፣ መልኩ አምሯል። ያለኝ 80 ሺህ ብር ብቻ ነው። በየቱ ልጀምር?

መልስ፦ በጎማው።

ጓደኞችህ ያላነሱትን ዋና ነገር አንተ "መልኩ አምሯል" ብለህ አለፍከው። ድሮ የነበረው 265/70 አር 16 ነው እንበል። ቁመቱ 777 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው። ሰው አሁን የሚወደው 285/75 አር 16 ደግሞ 834 ገደማ ይመጣል። የ7 በመቶ ልዩነት ነው። ይህ ማለት ከአንደኛ እስከ አምስተኛ ያለውን ማርሽህን በሙሉ በ7 በመቶ አረዘምከው ማለት ነው። ጎማው አንድ ዙር ሲዞር መኪናው ከበፊቱ የበለጠ ይሄዳል፣ የሞተሩ ጉልበት ግን ያው የድሮው ነው። ጎማው ራሱ ይከብዳል። የፍጥነት መለኪያውም ይዋሽሃል፣ 80 ሲልህ 86 አካባቢ ላይ ነህ። አሮጌዎቹን ካልሸጥካቸው መልሰህ ግጠማቸው፤ 80 ሺህህ ሳይነካ ዳገቱ ላይ ልዩነቱን ታየዋለህ።

አሁን ወደ ጭሱ እንምጣ። ናፍጣ ሞተር ጥቁር ጭስ ሲያወጣ ናፍጣው በዝቷል ወይም አየሩ አንሷል ማለት ነው። ባንተ ሁኔታ፣ ጭነት ላይና ከፍታ ላይ ብቻ ከሆነ፣ መጀመሪያ የምጠረጥረው አየሩን ነው። ቺፕ ደግሞ የሚጨምረው በዋናነት ናፍጣ ነው። አየር ለሌለው ሞተር ናፍጣ ብትጨምርለት የምታተርፈው ተጨማሪ ጭስና ተጨማሪ ሙቀት ነው። ስለዚህ ሦስተኛው ጓደኛህ ለጊዜው ይቀመጥ። ሐሳቡ ጨርሶ ክፉ አይደለም፣ ሰዓቱ ነው ያልደረሰው።

አየሩ የት ነው የጠፋው? የአየር ፊልትሮውን አውጥተህ ፀሐይ ላይ ያዘው። ብርሃን የማያሳልፍ ከሆነ አልቋል። እኛ አካባቢ በበጋ ከአስፋልት ወጣ ያለ መኪና ፊልትሮው ቶሎ ይሞላል፣ ሰዉ ደግሞ በኮምፕሬሰር ነፍቶ ነፍቶ ይመልሰዋል። ሲነፋ ወረቀቱ ይሳሳል፣ ከዚያ ዓይን የማያየው ቀዳዳ ይከፈታል፣ በዚያ የገባ አቧራ የተርቦውን ምላስና የፒስተኑን ፋሻ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይፍቀዋል። አዲስ ግዛ። ኦርጅናሉን ግዛ። ከምትገዛው ዕቃ ሁሉ ርካሹ እሱ ነው።

ቀጥሎ ከተርቦው እስከ ሞተሩ ያለውን የጎማ ቱቦ አየው። አብዛኛው "ተርቦዬ ደከመ" የሚባለው ነገር የሚገኘው እዚህ ነው፤ ተርቦው ይነፋል፣ አየሩ ግን በተሰነጠቀ ቱቦ ወይም በላላ ክላምፕ ይወጣል። ቆሞ ሲታይ ስንጥቁ አይታይም፣ ግፊት ሲመጣ ነው የሚከፈተው። ምልክቱ ፉጨት ነው፣ ወይም ቱቦው ላይ አቧራ ይዞ የደረቀ የዘይት እርጥበት። መፈተሻው ቀላል ነው፣ ማንኛውም እጁ የሚሠራ መካኒክ ያደርገዋል። ከአየር ፊልትሮው ወደ ተርቦው የሚሄደውን ቱቦ ይፈታና አፉን በልኩ በተቆረጠ ወፍራም ፕላስቲክ ይደፍነዋል። ፕላስቲኩ ላይ የጎማ ቫልቭ ይተክልበታል። ሞተሩ ጠፍቶ ሳለ ከጎሚስታ ቤት አየር በቀስታ ይሞላል። ግማሽ ባር ይበቃል፤ ከዚያ በላይ አትሂዱ፣ መድፈኛው ተፈናጥሮ ፊት ይመታል፣ የሞተሩን ማኅተሞችም ይጎዳል። ከዚያ የኦሞ ውሃ በብሩሽ እየቀባችሁ በየመጋጠሚያው ትሄዳላችሁ። አረፋ የሚያወጣው ቦታ ላይ ጉልበትህ እየወጣ ነው።

የናፍጣ ፊልትሮውንም አብረህ ቀይር። በጀሪካን እየገዛህ የምትነዳበት ጊዜ ከነበረ ደግሞ ከሥሩ ውሃውን አራግፍ። በዚህ ሞተር ላይ የናፍጣ ፖምፓው ላይ ያለችው የመጠን መቆጣጠሪያ ቫልቭ ስትደክም ሞተሩ ቆሞ ሳለ ከፍ ዝቅ እያለ ይወዛወዛል፣ ስትረግጠው ደግሞ ያንቃል። እንዲህ ያለ ነገር ካየህ ተርቦውን ሳትነካ እሷን አስመርምር።

አሁን የምነግርህን ግን ከምንም በላይ ስማኝ፣ ምክንያቱም የቶዮታ ዲ-ፎር-ዲ ባለቤት ሁሉ ሊያውቀው ሲገባ ብዙ ሰው የሚሰማው ሞተሩ ከተነከሰ በኋላ ነው። ናፍጣ የሚረጩት ኖዝሎች የሚቀመጡባቸው የመዳብ ቀለበቶች አሉ። በጊዜ ብዛት ይለቃሉ። ሲለቁ የቃጠሎው ጋዝ ወደ ላይ ይወጣና ዘይቱ ውስጥ ይገባል፣ ዘይቱ ሬንጅ የመሰለ ጥቁር ነገር ይሠራል፣ ያ ነገር ወርዶ ኮፓው (ከሞተሩ ሥር ያለው የዘይት ቋት) ውስጥ ያለውን የዘይት መምጠጫ ወንፊት ይደፍነዋል። ወንፊቱ ሲደፈን ዘይት አይወጣም። መጀመሪያ የሚሞተው ተርቦው ነው፣ ዘንጉ በደቂቃ ከ100 ሺህ ዙር በላይ የሚሽከረከረው በስስ ዘይት ላይ ተንሳፎ ስለሆነ። ቀጥሎ ብሮንዚኖቹ፣ ማለትም የሞተሩ ዘንግ የሚዞርባቸው ተሸካሚዎች፣ ናቸው። ሰው ተርቦውን ይቀይራል፣ አዲሱም ከጥቂት ጊዜ በኋላ ይሞታል፣ "ፎርጅድ ሸጡልኝ" ብሎ ሻጩን ይከሳል። ጥፋቱ ግን ኮፓው ውስጥ ነው። ጠዋት ሲነሳ የዘይት መብራቱ ከወትሮው ዘግይቶ የሚጠፋ ከሆነ አንድም ቀን አትነዳው። ኮፓውን አስወርድ፣ ወንፊቱን በዓይንህ እይ፣ ቀለበቶቹን አስቀይር። ከ80 ሺህህ ውስጥ ምንም ጉልበት የማይጨምረው ነገር ግን መኪናውን የሚያቆይልህ ወጪ ይሄ ነው። የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ በ2016 ዓ.ም ከተከለከለ ወዲህ ደግሞ ይህን ሞተር ካጣኸው ምትክ መፈለግ ምን እንደሚመስል ገበያውን ጠይቅ።

እንግዲህ ትልቅ ተርቦ ወዳለው ጓደኛህ። ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር አካባቢ ላይ ናት። እዚህ ያለው የአየር ግፊት ጅቡቲ ወደብ ላይ ካለው ከአምስት እጅ አራቱን ያህል ነው። ተርቦ የሌለው መኪና ገና ከግቢ ሳይወጣ አንድ አምስተኛ የሚሆን ጉልበቱን ተቀምቷል። ደብረ ታቦር 2,700 ሜትር አካባቢ ስለሆነች እዚያ የሚቀማው ከሩብ ይበልጣል። ተርቦ ይህን ያካክሳል፣ ግን በነጻ አይደለም። ለምሳሌ ባሕር ጠለል ላይ ያለ ሰው 1 ባር ሲነፋ አየሩን እጥፍ አጭቆታል ማለት ነው። ያንኑ ያህል አየር ባሕር ዳር ላይ ለማግኘት ሁለት ተኩል እጥፍ ገደማ መታጨቅ አለበት። አየር ሲታጨቅ ይግላል። በተለመደ የተርቦ ብቃት ሲሰላ እዚያ 120 ዲግሪ ገደማ ሆኖ የሚወጣው አየር እዚህ 150 ይጠጋል። ያንተው ደግሞ ኢንተርኩለር ስለሌለው ያ ሁሉ ግለት በቀጥታ ሞተር ውስጥ ነው የሚገባው። ስለዚህ ዩቲዩብ ላይ አንድ የዱባይ ልጅ "ይሄን ያህል ባር አስነፋሁት" ሲል የምታየውን ቁጥር እዚህ አታምጣው። ተርቦህ አሁንም ከሱ ተርቦ በላይ እየለፋ ነው።

ትልቅ ተርቦ ሌላም ችግር አለው፣ ዘግይቶ ነው የሚነቃው። ያንተ ሞተር ከፍተኛ የመጎተት አቅሙን፣ 260 ኒውተን ሜትር፣ የሚሰጠው ከ1,600 እስከ 2,400 ዙር ባለው ውስጥ ነው። ጭነት ይዘህ ዳገት የምትወጣው እዚያው ዙር ላይ ነው። ትልቁ ተርቦ ከዚያ በኋላ ከነቃ አንተ የሚያስፈልግህ ቦታ ላይ ከአሁኑም ትብሳለህ። ውድድር ለሚሮጥ ሰው ይሁን፤ በርበሬና ሲሚንቶ ለሚጭን ሰው አይሆንም።

ከሦስቱም ምክር ይልቅ እኔ የምመርጥልህ ኢንተርኩለር ነው። ይህንኑ 2.5 ሞተር ቶዮታ ራሱ በተለያየ ደረጃ ሠርቶታል። ያንተ ዓይነቱ 102 ፈረስ ጉልበት ነው። ኢንተርኩለር ያለውና የተርቦው ምላሶች የሚንቀሳቀሱለት 144 ፈረስ ጉልበትና 343 ኒውተን ሜትር ይሰጣል። አንተ ኢንተርኩለሩን ብቻ ገጥመህ 144 አትደርስም፣ ተርቦውም ኮምፒውተሩም አብረው ነው የተቀየሩት። ግን የሚገባው አየር ይቀዘቅዛል፣ ጭሱ ይቀንሳል፣ ሞተሩ ረጅም ዳገት ላይ ከመጠን በላይ አይግልም። ያገለገለ ስትገዛ አንድ ነገር ተጠንቀቅ። የመጣው ተርቦው ከሞተ መኪና ላይ ሊሆን ይችላል፣ ሆዱ ውስጥ ዘይትና የብረት ስብርባሪ ይቀራል። ገልብጠህ አራግፈው፣ በቤንዚን ደጋግመህ እጠበው፣ በደንብ አድርቀው። ያ ዘይት ናፍጣ ሞተር ውስጥ ቢገባ ሞተሩ ቁልፍ ብታጠፋም በዘይቱ እየነደደ አልቆም ሊልህ ይችላል።

ማርሚታ ቆርጦ መጣል? ከተርቦ በኋላ ያለው ጭስ ማውጫ ሲሰፋ ተርቦው ቀለል ብሎት ይሽከረከራል፣ ይህ እውነት ነው። ሆኖም መቁረጥና ማስፋት ለየቅል ናቸው። ከተርቦው ጀምሮ ያለው ቱቦ ጠባብ ሆኖ ሳለ መጨረሻ ላይ ያለውን ማርሚታ ብቻ ብትቆርጥ የምታተርፈው ጩኸት ነው፤ ለቦሎ ስትቀርብ ይጠይቁሃል፣ በፈለገ ሕይወት ሆስፒታል በኩል በሌሊት ስታልፍ ደግሞ ሕሙማኑ ይረግሙሃል።

ገንዘቡን እኔ ብይዘው ግማሹን ለጤናው አደርገዋለሁ፣ ማለትም ለፊልትሮዎቹ፣ ለቱቦዎቹ፣ ለኖዝል ቀለበቶቹ፣ ለኮፓውና ለዘይቱ። ሩቡ ለፍሬን ነው። ሳቅህን ተወው። ከደብረ ታቦር ጭነት ይዘህ ስትወርድ የሚያድንህ ተርቦው አይደለም። ሸራዎቹን አሳይ፣ የፍሬን ዘይቱንም ቀይር። የፍሬን ዘይት እርጥበት ይመጥጣል፤ አዲስ ዶት 3 የሚፈላው 205 ዲግሪ ላይ ነው፣ እርጥበት ሲጠጣ ግን 140 ላይ ሊፈላ ይችላል፣ ሲፈላ ፔዳሉ ወለል ይነካል። ዶት 4 የተሻለ ይቋቋማል። ከቀረው ላይ ሁለት ጌጅ ግዛ፣ አንዱ የተርቦውን ግፊት፣ ሁለተኛው ከተርቦው በፊት ያለውን የጭስ ሙቀት የሚያሳይ። ሙቀቱ ከ700 ዲግሪ በላይ ሆኖ ከቆየ እግርህን አንሳ፣ ማርሽ ቀንስ። ያለ ጌጅ ጉልበት መጨመር ዓይን ጨፍኖ መንዳት ነው። የተረፈው ለኢንተርኩለሩ ይሁን፣ ካልበቃ ለሚቀጥለው ዙር አቆየው።

ቺፕ የሚባለው ከዚህ ሁሉ በኋላ ይመጣል፣ ያኔ ከብሩ አንጻር ብዙ ጉልበት የሚሰጥህም እሱ ነው። ግን ሦስት ዓይነት ነገር በአንድ ስም ነው የሚሸጠው። ዳሽቦርዱ ሥር ካለው ሶኬት ላይ ተሰክታ መብራት የምታበራው ትንሿ ዕቃ መብራት ከማብራት ያለፈ ሥራ የላትም። ከናፍጣ ቧንቧው ሴንሰር ጋር የሚገናኘው ሳጥን ለኮምፒውተሩ ውሸት እየነገረ ግፊቱን ከፍ ያስደርገዋል፤ ይሠራል፣ ግን ጫናው ሁሉ ፖምፓውና ኖዝሉ ላይ ነው፣ የአየሩን ጉዳይ አያውቀውም። ሦስተኛው የሞተሩን ኮምፒውተር አንብቦ፣ መኪናውን በጭነት ነድቶ፣ መዝግቦ፣ አስተካክሎ መጻፍ ነው። ገንዘብህ የሚገባው እሱ ጋ ነው። መኪናህን ሳይነዳ "ፋይሉ አለኝ፣ በአስር ደቂቃ እጭነዋለሁ" የሚልህን ሰው ቡና ጋብዘህ ሸኘው።

ጥያቄ፦ ሰላም ነው? ከቀበሌ 14 ነኝ። ጎልፍ 6 አለኝ፣ 1.4 ቲኤስአይ 122 ፈረስ ጉልበት፣ ባለ 7 ማርሽ ዲኤስጂ (ማርሹን ራሱ የሚቀያይር ካምቢዮ)። አዲስ አበባ ያለ ልጅ በላፕቶፕ ብቻ "ስቴጅ 1" አድርጌ ወደ 150 አወጣልሻለሁ አለኝ። ምንም ዕቃ አይቀየርም ይላል። እውነት ነው? ደግሞ ጠዋት ሳስነሳው ለሁለት ሦስት ሰከንድ ከሞተሩ የመንቀጫቀጭ ድምፅ አለ። ይገናኛል?

መልስ፦ ልጁ አልዋሸሽም፣ ይቻላል። ግን ላንቺ መኪና አሁን አይሆንም፣ ምክንያቱን ራስሽ በመጨረሻው መስመር ጽፈሽዋል።

ያ የጠዋት ድምፅ በዚህ ሞተር ላይ የታወቀ ነው። የጊዜ ሰንሰለቱ ሲረዝም ወይም ወጣሪው ሲደክም ዘይት እስኪደርስለት ድረስ እንዲያ ይንቀጫቀጫል። ሰንሰለቱ ጥርስ ከዘለለ ቫልቮቹ ፒስተን ይመታሉ፣ ከዚያ ስለ ስቴጅ 1 አናወራም፣ ስለ ቴስታታ (የሞተሩ ራስ) ነው የምናወራው። ስለዚህ ያጠራቀምሽው ብር መጀመሪያ የሚሄደው ለሰንሰለቱ፣ ለወጣሪውና ለጥርሶቹ ነው፣ ሦስቱንም አንድ ላይ። 

ሁለተኛው ነገር ካምቢዮው ነው። ባለ 7 ማርሹ ደረቅ ፍሪሲዮን ያለው ዲኤስጂ የተሠራው እስከ 250 ኒውተን ሜትር ድረስ ላለ ጉልበት ነው። ሞተርሽ አሁን 200 ይሰጣል፣ ከ1,500 ዙር ጀምሮ። የሚቀርሽ 50 ብቻ ነው። ልጁን ስንት ፈረስ ጉልበት እንደሚያወጣ አትጠይቂው፣ ስንት ኒውተን ሜትር ላይ እንደሚያቆመው ጠይቂው። ጥያቄው ካልገባው ሌላ ሰው ፈልጊ።

ሦስተኛው ነዳጁ ነው። ውጭ አገር የሚሸጡት የስቴጅ 1 ፋይሎች ብዙዎቹ የተጻፉት 95 ወይም 98 ኦክቴን፣ ማለትም ቶሎ የማያንኳኳ ቤንዚን፣ ለሚቀዳ ሰው ነው። እኛ ማደያ ላይ ቤንዚን ቤንዚን ነው፣ ምርጫ የለም። ቤንዚኑ ያለ ጊዜው ነድዶ ሞተሩ ሲያንኳኳ ኮምፒውተሩ እሳቱን ወደ ኋላ ይጎትታል፣ የከፈልሽበት ጉልበት ተመልሶ ይሄዳል፣ ዕድለኛ ካልሆንሽ ደግሞ ፒስተኑን ይዞ ነው የሚሄደው። ፋይሉ እዚህ ለሚቀዳው ቤንዚንና ለዚህ ከፍታ ይጻፍልሽ።

በትንሽ ወጪ አሁኑኑ የምታደርጊው አለ። ካንዴላዎቹን በትክክለኛው ቁጥር ቀይሪ። ይህ ሞተር ቤንዚኑን በቀጥታ ሲሊንደር ውስጥ ስለሚረጭ የመግቢያ ቫልቮቹን የሚያጥብ ነገር የለም፣ ከጀርባቸው ከሰል ይጋገርባቸዋል፤ ተከፍቶ ሲጸዳ የድሮ አተነፋፈሱ ይመለሳል። ኢንተርኩለሩ ደግሞ ከፊት እንደምታስቢው አይደለም፣ መግቢያ ማኒፎልዱ ውስጥ ነው፣ በውሃ ነው የሚቀዘቅዘው፣ ውሃውን የምታዞረውም ትንሽ የኤሌክትሪክ ፖምፓ ናት። እሷ ከሞተች ቀትር ላይ መኪናው ለምን እንደሚደክምብሽ ግራ ሲገባሽ ትኖሪያለሽ። ምንም ሶፍትዌር ሳይጫን እነዚህ ብቻ ተስተካክለው 122ቱ በሙሉ ቢመለሱ፣ ስቴጅ 1 የሚባለውን ነገር ጨርሶ ልትረሺው ትችያለሽ።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ሐሙሲት ነው የምኖረው፣ አንድ ባለ ተርቦ አይሱዙ የጭነት መኪና አለኝ። ሾፌሬ ባቆመ ቁጥር "ተርቦው ይብረድ" እያለ ሞተሩን ለረጅም ጊዜ አያጠፋውም። ናፍጣው የኔ ነው። ልጁ ትክክል ነው ወይስ ሬዲዮ እያዳመጠ ነው?

መልስ፦ ጌታዬ፣ ልጁ ግማሽ እውነት አለው። ዳገት ወጥቶ ወዲያው ሲቆም ተርቦው በጣም ግሏል። ሞተሩ በዚያው ቅጽበት ከጠፋ ዘይቱ መዞር ያቆማል፣ ዘንጉ ላይ የቀረው ዘይት ይቃጠልና ከሰል ይሆናል። ስለዚህ ከከባድ ዳገት በኋላ ሁለት ሦስት ደቂቃ ቢያቆየው ተገቢ ነው። ከተማ ገብቶ ቀስ እያለ ተነድቶ ከመጣ ግን ተርቦው በመንገድ ላይ በርዷል፣ አንድ ደቂቃ ይበቃዋል። ከዚያ በላይ ያለው የሬዲዮው ነው።

እርስዎ ይልቅ ሌላ ሁለት ነገር ይዩበት። ጠዋት ሞተሩ እንደተነሳ ነዳጅ ይረግጣል ወይ? ብዙ ሾፌር "ላሙቀው" ብሎ ያጓራዋል። ዘይቱ ገና ተርቦው ጋ አልደረሰም። ሌላው ደግሞ ከማጥፋቱ በፊት አንድ ጊዜ ግርር አድርጎ ቁልፍ የሚያጠፋ ሾፌር አለ፣ ከየት እንደመጣ የማይታወቅ ልማድ ነው። ተርቦውን በሙሉ ዙር አስነስቶ ዘይቱን ይዘጋበታል። ይህን ካደረገ አንድ ሰዓት ቢያበርደውም ዋጋ የለው። ዘይቱንም ራስዎ ይግዙ፣ ደረጃው ለተርቦ ናፍጣ ሞተር መሆኑን ቆርቆሮው ላይ ያንብቡ፣ የሚቀየርበትን ኪሎ ሜትር ሾፌሩ ሳይሆን እርስዎ ይመዝግቡ።

ጥያቄ፦ የፖሊ (የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ግቢ) ተማሪ ነኝ። የወንድሜን ቪትዝ 1.0 ነው የምነዳው። ያገለገለ ተርቦ በርካሽ አግኝቻለሁ። ብገጥምበትስ? አራት ጓደኞቼን ይዤ ቤዛዊት ስወጣ ያሳፍረኛል።

መልስ፦ ተርቦው ርካሽ ነው፣ አልተጠራጠርኩም። የሚከተለው ነው ውድ። የጭስ ማኒፎልድ መበየድ፣ የዘይት መውሰጃና መመለሻ ቧንቧ፣ ትልልቅ ኖዝሎች፣ ኮምፒውተሩን የሚያስተካክል ሰው፣ ኢንተርኩለር፣ ፍሪሲዮን። ይህ ሁሉ ተሟልቶም የቪትዝ ሞተር መጭመቂያው (ሲሊንደሩ ውስጥ የገባው አየር የሚጨመቅበት ልክ) 10 ለ 1ና ከዚያ በላይ ነው፣ ለተርቦ ከፍ ያለ ነው። ቶዮታ ለስታርሌት የሠራው ባለ 1.3 ተርቦ ሞተር፣ 4ኢ-ኤፍቲኢ፣ መጭመቂያው 8.2 ለ 1 አካባቢ ነበር፣ ፒስተኑም ለዚያ ተብሎ የተሠራ። ያንተው በመጀመሪያው ዳገት ማንኳኳት ይጀምራል፣ ሞተሩ ደግሞ የወንድምህ ነው።

ካንዴላ ቀይር፣ የአየር ፊልትሮ ቀይር፣ ጎማውን በልኩ ንፋ፣ ከኋላ ያለውን የሙዚቃ ሳጥን አውርደው። አራት ጓደኞችህ አንድ ላይ 260 ኪሎ ቢሆኑ የመኪናዋን ክብደት ሩብ ያልፋሉ። ቤዛዊት ስትወጣ ሁለቱን ባጃጅ ያሳፍራቸው።